«ሐምሌት ሰምቶታል እንዴ?»፦ ስለ ተውኔት ትምህርት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ ለፈተና አውጪዎች፣ እንዲሁም ለሙያ ባልደረቦቼ ለአማርኛ መምህራን

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች ተውኔት ከማንበባቸው በፊት ሊማሯቸው ስለሚገቡ የመድረክ ቃላት

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ሐምሌት» እያነበብን ሦስተኛው ገቢር (የተውኔቱ ሦስተኛ ዐቢይ ክፍል) ላይ ደርሰን ነበር። ንጉሥ ክላውዲየስ ወንድሙን ገድሎ ዙፋኑንም ሚስቱንም የወረሰ ሰው ነው፤ ብቻውን በቀረበት ሰዓት ኃጢአቱን በገዛ አፉ ያወጣና ለጸሎት ይንበረከካል። የተገደለው ንጉሥ ልጅ ሐምሌት ሊበቀለው ከኋላው ይደርሳል፤ ሰይፉን ይመዛል፤ ነገር ግን ሰውየው በጸሎት ላይ ሳለ ቢሞት ነፍሱ ትድናለች ብሎ ስለሚያስብ ሰይፉን ወደ አፎቱ መልሶ ይሄዳል። ተራ በተራ ጮክ ብለን አንብበን እንደጨረስን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ንጉሡ ሲናዘዝ ሐምሌት ሰምቶታል እንዴ? ከሰማውማ ለምን ዝም አለ? ደግሞስ ሐምሌት ከኋላው ቆሞ ይህን ሁሉ ሲናገር ንጉሡ እንዴት አልሰማውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህች ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት በሰጠሁት የቃላት ፈተና አንድም ሳትስት ሙሉ ነጥብ አግኝታ ነበር። «መነባንብ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ «አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን ሆኖ ውስጡን የሚገልጽበት ረጅም ንግግር» ብላ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መልሳለች፤ ያረምኩትም እኔ ነኝ። ትርጓሜውን በቃሏ ይዛዋለች፤ ንጉሡ ሲናገር ግን ያ በቃሏ የያዘችው ነገር ፊቷ መቆሙን አላወቀችም። ጥፋቱ የእኔ ነው። በዚያ ዓመትና ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ዓመታት፣ የተውኔት ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ከእኔ በፊት የነበሩ መምህራን ያቆዩልንን ባለ ሁለት ገጽ ማስታወሻ አወጣና ሠላሳ የሚያህሉ ቃላትን ከነትርጓሜያቸው ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር፤ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ ያጠናሉ፣ ይፈተናሉ፤ ከዚያ ንባብ እንጀምራለን። ይባስ ብሎ ንባቡ እንዲፈጥን በማለት፣ የመድረክ መመሪያ የሆኑትን አጫጭር መስመሮች «እነርሱን ዝለሏቸውና ንግግሩን አንብቡ» እላቸው ነበር። ለልጅቱ ጥያቄ የመጀመሪያ አጋማሽ መልሱ ካስዘለልኳቸው መስመሮች በአንዷ ውስጥ ነበር። ሐምሌት የሚገባው ንጉሡ ኑዛዜውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ኑዛዜው ሲነገር መድረኩ ላይ የለም፤ ስለዚህ አልሰማም። «ይገባል» የምትለውን አንዲት ቃል ዘለን ስናልፍ የትዕይንቱ ፍሬ ነገር አብሮ አመለጠን።

ነገሩን ለባልደረቦቼ ሳነሣ አንዳንዶቹ ቃላቱን ጨርሶ ተዋቸው፣ ልጆቹ ተውኔቱን እንደ ታሪክ አንብበው ይደሰቱ፣ ስሙ ኋላ ይደረስበታል አሉኝ። የሐሳባቸው መነሻ እውነት አለው፤ ሠላሳ ትርጓሜ ተሸክሞ ወደ ተውኔት የሚገባ ልጅ ገና ከደጁ ይደክመዋል። ነገር ግን ይህ ምክር የሚሠራው ልጁ ቴአትር ቤት ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ሁለቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው። እኔ የማስተምራቸው ልጆች የሚኖሩት ከዚያ ርቀው ሲሆን አብዛኞቹ መጋረጃ ተከፍቶ ሰው መድረክ ላይ ሲናገር አይተው አያውቁም። «ድራማ» ስላቸው የሚታያቸው በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚከታተሉት ተከታታይ ነው። ተውኔት ደግሞ በመጀመሪያ የሚጻፈው ለተዋናይና ትወናውን ለሚመራው አዘጋጅ ነው፤ ማን የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚገባ፣ ለማን እንደሚናገር የሚነግር የሥራ ጽሑፍ ነው። ያንን የሥራ ጽሑፍ ምንም ሳናስረዳ ለልጅ አንብብ ብሎ መስጠት፣ ቤት ሠርቶም ሲሠራም አይቶ ለማያውቅ ሰው የቤት ፕላን ሰጥቶ ቤቱ እንዴት ነው ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ቃላቱ ከንባብ በፊት እንዲሰጡ፣ ነገር ግን ተመርጠው እንዲሰጡ ነው። በማስታወሻችን ላይ ተደበላልቀው የሚገኙት ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ለማየት የሚያስፈልጉ ናቸው፤ መድረክ፣ ገቢር፣ ትዕይንት፣ የመድረክ መመሪያ፣ ምልልስ፣ የብቻ ንግግር፣ የጎንዮሽ ንግግር፣ የመድረክ ቁሳቁስ። እነዚህን የማያውቅ ልጅ ገጹን ቢያነብም የሚሆነውን አያይም። ሌሎቹ ግን ካዩ በኋላ ለመመዘን የሚያገለግሉ ናቸው፤ ሴራ፣ ጡዘት፣ ልብ ሰቀላ፣ ጭብጥ፣ ትራጀዲ። ጡዘትን፣ ማለትም ግጭቱ ከጫፍ የሚደርስበትን ቦታ፣ ገና ባልተነበበ ተውኔት ላይ ማስተማር ባልተቀመሰ ወጥ ላይ ጨው በዛ አነሰ ብሎ እንደመከራከር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ አይበልጡም፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃቸዋል፤ በእኔ እምነት ከንባብ በፊት መምጣት ያለባቸው እነርሱ ብቻ ናቸው።

አሁን እንዴት እንደማስተምራቸው ልግለጽ። ወንበሮቹን ወደ ኋላ እንገፋና የክፍሉ ፊት ለፊት ወለል ላይ በጠመኔ ሰፊ አራት ማዕዘን አሰምራለሁ። አንድ ልጅ መሐል ገብቶ ወደ ክፍሉ ዞሮ ይቆማል። «ወደ መድረክ ቀኝ ሂድ» እለዋለሁ። እርሱ ወደ ራሱ ቀኝ ሲሄድ የተቀመጡት «ተሳሳተ፣ ግራ ነው!» ብለው ይጮኻሉ። የመድረክ ቀኝና ግራ የሚለካው በተዋናዩ እንጂ በተመልካቹ እንዳልሆነ ከዚያች ጩኸት በኋላ የሚረሳ የለም። ከዚያ አንዱን ከመስመሩ ውጪ አቆምና «ይገባል» ብዬ አነብባለሁ፤ ይገባል። «ይወጣል» እላለሁ፤ ይወጣል። ይህ ለእኛ ለመምህራን ሕፃናዊ ጨዋታ ሊመስለን ይችላል። ሆኖም በአማርኛ «ገባ» ሲባል ቤት መግባት፣ «ወጣ» ሲባል ከቤት መውጣት በመሆኑ፣ ሜዳ ላይ በሚካሄድ ትዕይንት «ይገባል» የሚል ሲያነብቡ ወዴት ነው የሚገባው ብለው ግራ የሚጋቡ ልጆች ብዙ ናቸው። መግባት ማለት ተመልካች ወደሚያየው ቦታ መምጣት ማለት መሆኑን የሚያውቁት የጠመኔውን መስመር በእግራቸው ሲሻገሩ ነው።

ገቢር የሚለውን ቃልም ያለ ሥሩ አልተወውም። ልጆች «ገባ» ከሚለው ጋር ያዛምዱታል፤ ሰው ስለሚገባበት ገቢር ተባለ ብሎ የጻፈልኝ አለ። ቃሉ ግን የግዕዝ ነው፤ ገብረ፣ አደረገ፣ ሠራ ከሚለው የመጣ ነውና የተግባርና የግብር ዘመድ ነው። ገቢር ማለት ድርጊት መሆኑን ያወቀ ልጅ ገቢር በተለወጠ ቁጥር «ምን ተደረገ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ተውኔት ራሱ ተዋነየ፣ ተጫወተ ከሚለው የግዕዝ ግሥ መውጣቱን፣ መቼት ደግሞ «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የተሠራ ቃል መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ይፈካል። ቋንቋችን ለዚህ ሙያ ያዘጋጀልን ቃላት ተፈትተው ሲታዩ ራሳቸው ያስተምራሉ፤ እኛ ግን እንደ ተዘጋ ሣጥን እያስገለበጥናቸው ኖረናል። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገቢር መጋረጃ የሚዘጋበት ቦታ ነው ብለን የምናስተምረው ለሼክስፒር አይሠራም። የእርሱ ተውኔቶች የታዩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1599 የተሠራው የለንደኑ ግሎብ ቴአትር የፊት መጋረጃ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1623 በታተመው የሥራዎቹ ስብስብ ውስጥም «ሐምሌት» በገቢርና በትዕይንት ተከፍሎ የተመለከተው እስከ ሁለተኛው ገቢር ብቻ ነው፤ የቀረውን የከፈሉት ኋላ የመጡ አዘጋጆች ናቸው።)

ግሎብ ጣሪያው ክፍት ሆኖ ጨዋታው የሚታየውም በቀን ብርሃን ነበር። ይህን የማያውቅ ልጅ የ«ሐምሌት»ን መክፈቻ እንደ ተራ የጥበቃዎች ወሬ ያልፈዋል። ያወቀ ልጅ ግን ጠባቂዎቹ ማነህ እየተባባሉ የሚጠያየቁት፣ እኩለ ሌሊት ማለፉንና ብርዱ መጽናቱን በአፋቸው የሚናገሩት፣ በጠራራ ፀሐይ የቆመውን ተመልካች በቃል ብቻ ወደ ጨለማ ለማስገባት መሆኑን ይረዳል። «መብራት» የሚለውን የመድረክ ቃል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ መብራት ባልነበረበት ዘመን ቃሉ ራሱ መብራት ነበር።

ትልቁ ችግር ያለው ግን መነባንብ ላይ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን መነባንብ ሲባል ተማሪ የሚያስበው የወላጆች ቀን ነው፤ አንድ ልጅ ሰልፍ ፊት ወጥቶ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን እያወናጨፈ ለሕዝብ የሚያሰማው ግጥም ነው። ያ የራሱ ክብር ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን ንጉሡ ለጸሎት ከመንበርከኩ በፊት የሚናገረውን ያን ቃል እንዲያነብብልኝ ያዘዝኩት አንድ ጎበዝ ተማሪ ልክ እንደ ፉካሬ አድርጎ አቀረበው፤ ድምፁ እስከ ግቢው በር ድረስ ተሰማ። ስሕተቱ የትወና ብቻ አልነበረም። ፉካሬ ሌላው እንዲሰማ የሚባል ነገር ነው፤ የንጉሡ ቃል ደግሞ ማንም እንዳይሰማው የሚፈራው ቃል ነው። አንድ ሰው ለሌሎች ገጸ ባሕርያት ወይም ለሕዝብ የሚያደርገውን ረጅም ንግግርና ብቻውን ሆኖ የሚያስበውን በአንድ ስም መጥራታችን ይህን ልዩነት ያጠፋብናል። እኔ በክፍሌ ሁለተኛውን «የብቻ ንግግር» እለዋለሁ።

የብቻ ንግግርን ለማስረዳት የምጠቀምበት ድልድይ ከራሳቸው ከልጆቹ የተገኘ ነው። በቴሌቪዥን ድራማ ሰውየው አፉን ዘግቶ፣ ካሜራው ፊቱ ላይ ቀርቶ ድምፁ ብቻ ሲሰማ፣ እያሰበ መሆኑንና አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ እንደማትሰማው ማንም አስተማሪ ሳይነግራቸው ያውቃሉ። «መድረክ ላይ ካሜራ የለም፤ ስለዚህ ተዋናዩ አፉን ከፍቶ ያስባል» ስላቸው ነገሩ ያኔውኑ ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ያችን የጸሎት ትዕይንት በጠመኔው መድረክ ላይ እናደርጋታለን። ንጉሥ የሆነው ልጅ ወደ ተመልካች ዞሮ ኃጢአቱን ተናግሮ ይንበረከካል፤ ሐምሌት የሆነው እስከዚያ ድረስ ከክፍሉ በር ውጪ ይቆያል። «ይገባል» ሲባል ማስመሪያውን እንደ ሰይፍ ይዞ በጫማው ጫፍ እየተራመደ ከንጉሡ ኋላ ይቆማል፤ ሐሳቡን ለእኛ ይነግረናል፤ ንጉሡ አንገቱን እንደደፋ ነው። ሐምሌት «ይወጣል»። በሩ ሲዘጋ ንጉሡ ቀና ይልና ቃሌ ወደ ላይ ቢወጣም ልቤ እዚሁ ምድር ቀርቷል፣ እንዲህ ያለ ጸሎት ሰማይ አይደርስም የሚል ሐሳብ ያለውን የመጨረሻ ቃሉን ይናገራል። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን «ውይ!» የሚል ድምፅ ስሜን እንደማውቅ አውቀዋለሁ። ጸሎቱ ጸሎት አልነበረም። ሐምሌት በጸሎቱ ምክንያት ተወው፤ ጸሎት አለመኖሩን ሊያውቅ የሚችለው ግን ከወጣ በኋላ በተነገረው ቃል ነበር። ይህን እኛ ተመልካቾች እናውቃለን፣ እርሱ አያውቅም። ገጸ ባሕርዩ የማያውቀውን ተመልካች ሲያውቅ የሚፈጠረውን ይህን ሁኔታ ማስታወሻችን በሁለት መስመር ይተረጉመዋል፤ ልጆቹ ግን ከመተርጎማቸው በፊት አጋጥሟቸዋል፤ ስሙን ያኔ ብሰጣቸው ይበቃል።

የጎንዮሽ ንግግርም እንዲሁ ነው። ከዚህ ትዕይንት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በሦስተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ፣ የንጉሡ ባለሟል ፖሎኒየስ ሰዎች በጸሎት መልክ ክፋታቸውን እንደሚሸፍኑ እንደ ዘበት ሲናገር፣ ንጉሡ ያ ቃል ሕሊናዬን እንደ ጅራፍ ገረፈው የሚል ነገር ለብቻው ይላል። ሰዎች አጠገቡ ቆመዋል፤ የሚሰማው ግን ተመልካች ብቻ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ንጉሡ በደለኛ መሆኑን የነገረን የተገደለው ወንድሙ የሙት መንፈስ ብቻ ነበር፤ ከራሱ አንደበት የምንሰማው ያኔ ነው። ተማሪው ይህን ቃል ለፖሎኒየስ የተመለሰ መልስ አድርጎ ካነበበው ተውኔቱ ይፈርስበታል፤ ንጉሡ ወንጀሉን ለባለሟሉ ካመነማ መደበቁ ምን ትርጉም አለው?

ስለ መጋረጃም አንድ ቃል ልበል። ፖሎኒየስ በንግሥቲቱ ክፍል ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ ሲያዳምጥ ሐምሌት በመጋረጃው ላይ ወግቶ ይገድለዋል። መጋረጃ የቴአትር ቤቱ የፊት መጋረጃ ነው ብለው የተማሩ ልጆች ሰውየው ከመድረክ ውጪ ሞተ ብለው ይረዳሉ። በዚህ ቦታ ግን መጋረጃው የክፍሉ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ፣ የታሪኩ አካል የሆነ ቁስ ነው። እኔ ነጠላ በሁለት ልጆች አስይዤ ነው የማሳየው።

ካነበብን በኋላ የሚመጡትን ቃላት በአጭሩ ልለፋቸው። ትራጀዲን «አሳዛኝ ተውኔት» ብሎ መተርጎም ስለማይበቃ ትንሽ ይስፋ፤ አርስቶትል እንዳስተማረው ሰውየውን ከከፍታው የሚጥለው የገዛ ስሕተቱ መሆኑ፣ ተመልካቹም በርኅራኄና በፍርሃት መያዙ ይነገር። ይህ ሁሉ ግን ሐምሌትን ካወቁት በኋላ ይሁን።

ክቡራን የመጻሕፍት አዘጋጆች፣ ከእናንተ የምጠይቀው በቅድሚያ በስያሜ እንድትስማሙ ነው። ለአንድ ነገር በአንድ መጽሐፍ «መነባንብ»፣ በሌላ ማስታወሻ «የግል ንግግር»፣ በሌላ ደግሞ የእንግሊዝኛው ቃል በግዕዝ ፊደል ሲጻፍለት፣ ልጁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ያሉ ይመስለዋል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት በ1910ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳት ተረት ለብሶ የዘመኑን ሹማምንት የሚነቅፍ ሥራ ይዞ ሲቀርብ፣ «ፋቡላ» እና «ኮሜዲያ» የሚሉትን የውጭ ቃላት በርእሱ ላይ ተጠቅሟል፤ ያን ጊዜ ተውኔቱም ስሙም ለአገሩ አዲስ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ «ኦቴሎ»ንና «ማክቤዝ»ን በአማርኛ አስነብበውናል፤ በዩኒቨርሲቲ ደረጃም የቴአትር ጥበብ በትምህርት ክፍል ይሰጣል። ሙያተኞቹ በልምምድ ክፍል የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ከሙያተኞቹ ጠይቆ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ማስገባት ዛሬ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ከዚያ ጋር ከተውኔቱ ምንባብ በፊት አንድ ገጽ ተሰጥቶ የመድረክ ሥዕል ቢገባበት፣ ቀኝና ግራው፣ ፊትና ኋላው፣ መግቢያና መውጫው፣ ተመልካቹ የት እንደሚቀመጥ ቢመለከትበት፣ ጠመኔና ሰፊ ክፍል ያላገኘ መምህርም ይረዳበታል። የመድረክ መመሪያዎቹ ደግሞ ከንግግሩ ተለይተው በሚታይ ፊደል ይታተሙ፤ እኔ እንዳደረግሁት ማንም «ዝለሏቸው» እንዳይል።

ክቡራን የፈተና አውጪዎች፣ የእኛ የመምህራን እጅ የሚከተለው የእናንተን ጥያቄ ነው። «ከሚከተሉት የመነባንብ ትርጓሜ የሆነው የትኛው ነው?» ተብሎ እስከተጠየቀ ድረስ ትርጓሜ ማስገልበጣችንን አንተውም፤ ልጁ እንዲያልፍ እንፈልጋለንና። በእርሱ ፈንታ ከአንድ ተውኔት ዐሥር መስመር አውጥታችሁ «ይህን ንግግር የሚሰማው ማነው? እንዴት አወቅህ?» ብትሉ፣ ወይም «በዚህ ትዕይንት መድረክ ላይ ያሉት ስንት ሰዎች ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ያንን ለመመለስ የሚያስፈልገውን እኛ በክፍላችን ማስተማር እንጀምራለን። ሁለተኛውን ጥያቄ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ ሐምሌት ስለ መኖርና አለመኖር በሚናገርበት ዝነኛ ትዕይንት ንጉሡና ፖሎኒየስ ተደብቀዋል፣ የፖሎኒየስ ልጅ ኦፌሊያም በዚያው አለች፤ ሰውየው በእርግጥ ብቻውን ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አከራክሮናል።

ያች ተማሪ በዚያ ቀን የጠየቀችውን የመለስኩላት ሁለት ቀን ቆይቼ፣ በጠመኔ ያሰመርኩትን የመጀመሪያውን መድረክ ይዤ ነው። ንጉሡን እንድትሆን የጠየቅኳት እርሷን ነበር። ተንበርክካ እያለች ሐምሌት ከኋላዋ ሲናገር እንዳትዞር ብዬ አስጠንቅቄያት ነበርና አልዞረችም፤ ጨርሳ ስትነሣ ግን፣ «መምህር፣ ከኋላዬ እንደነበር አላወቅሁም ማለት ነው አይደል? መቼም አላውቅም?» አለችኝ። መቼም አያውቅም አልኳት። ያዘጋጀኋቸውን የሁለት ክፍለ ጊዜ ማስታወሻዎችና የመድረኩን ሥዕል ለማየት ለሚፈልግ መምህርም ሆነ አዘጋጅ በደስታ እልካለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር